ባንዳ ለመሆን ወደ ሞጣ

ባንዳ ልሁን ብሎ ከድሬዳዋ እስከ ጎጃም የተጓዘ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን የኖርን አየነው የሚባል ጓደኛ አለኝ። እኔ ድሬዳዋ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ እሱ የትውልድ አገሩ ብቸና ታሪክ ያስተምራል። ለፋሲካ ጥቂት ሳምንት ሲቀር ደወለና፣ «ሳሚ፣ የዘንድሮን የአርበኞች መታሰቢያ በንግግር ብቻ አናልፈውም። አያቶቻችን ሞጣ አጠገብ የጣሊያንን ምሽግ የሰበሩበትን ውጊያ እንደገና እንዋጋዋለን» አለኝ።

«ጎበዝ! ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«አርበኛ ሞልቷል። ጣሊያን የሚሆኑ ስድስት መምህራንም በልመና አግኝተናል። የጣሊያኖቹን አስተርጓሚ፣ ባንዳውን፣ የሚሆን ግን ጠፋ።»

እንዳስረዳኝ ከሆነ ጣሊያን መሆን ቀላል ነው፤ ጣሊያን አገሩ ገብቷል። ባንዳ የሆነ ሰው ግን ጨዋታው ቢያልቅም ስሙ አይለቀውም። ገበያ ሲወጣ «ባንዳው መጣ» ይባላል፣ ልጁ ትምህርት ቤት «የባንዳ ልጅ» ይባላል፣ ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ ቢልክ እንኳ ነገሩ ይነሳበታል። «አንተ ግን ተሰድበህ አገርህ ትገባለህ» አለኝ። ጓደኝነት ማለት ይኸው ነው። እሺ አልኩት።

ጉዞው የተደረገው መንገዱ ሁሉ ሰላም በነበረበት አንድ ሚያዝያ ነው። የምጽፈው ለድሬዳዋ ሰዎች ነው። ስመለስ ስለ ደጋው ብርድ አውርቼላቸው «እኛም እንሄዳለን» ያለኝ አንድ ሰው ስላልተገኘ፣ ቢያንስ ያንብቡት።

ረቡዕ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አየነው በስልክ በላከው ፎቶ መሠረት የካኪ ኮትና ሱሪ፣ ቀይ መቀነትና ረዘም ያለ ቀይ ቆብ ሰፋችልኝ። ለብሼ ስቆም ዞር ብላ አየችኝና፣ «አቦ፣ ለባንዳ እንዲህ ካማረልኝ ለአርበኛ ብሰፋማ ምን ሊሆን ነው!» አለች። ልብሱን በሰማያዊ የስፖርት ቦርሳ አጥፌ ከተትኩና በሌሊት ተነሳሁ።

ድሬዳዋ–አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልተርከውም። አዋሽ ላይ በላን፣ አዳማ ላይ አንቀላፋን፣ አዲስ አበባ ላይ ዝናብ ተቀበለን። ከአውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለ አንድ ፔንሲዮን አደርኩ። አልጋው ላይ ሦስት ብርድ ልብስ ነበረ፤ እኛ ቤት ለሦስት ዓመት የሚበቃ።

ሐሙስ

የብቸናው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሳው። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ሹራቤን፣ ከሹራቤ በላይ ሌላ ሹራብ ለብሼ ተንቀጠቀጥኩ። ከዚያ መኪናው አባይ በረሃን እየተጠማዘዘ መውረድ ጀመረ። ሰዉ ሁሉ መስኮት ከፍቶ «ኧረ ሙቀቱ!» ሲል እኔ አንድ በአንድ ሹራቤን አውልቄ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ነፋሱ ልክ እንደ ከዚራ ሰፈር የቀትር ነፋስ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ ቄስ ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ አንተን አይሞቅህም?» አሉኝ። «አሁን ገና ቤቴ ገባሁ» አልኳቸው።

ቄሱ ደጀን ወረዱ። እኛም እዚያ ምሳ በላን። የፋሲካ ሰሞን ስለሆነ ረቡዕም ሆነ ዓርብ ጾም የለም፤ ጥብሱ ከነምድጃው ይቀርባል። ከደጀን በኋላ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፍና የታረሰ ጥቁር መሬት፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና የታረሰ ጥቁር መሬት ይሆናል። እኛ አገር አፈር ነፋስ የሚወስደው ነገር ነው። እዚህ ግን በሬ የሚያሰጥም ይመስላል።

ብቸና ስንደርስ ረዳቱ ሰማያዊ ቦርሳ ከላይ አወረደልኝ። አየነው ቤት ገብተን ስከፍተው ጥምጣም፣ የቄስ ቀሚስና ዳዊት ወጣ። ለካ ቄሱ ሰማያዊ ቦርሳ ነበራቸው! አየነው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እንግዲህ ደጀን ላይ አንድ ቄስ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ የጣሊያን አስተርጓሚ ልብስ እያዩ ነው» አለና መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

እንደ ዕድል ሆኖ በዳዊቱ ሽፋን ላይ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ነበር። ደውለን ይቅርታ ተጠያየቅን፤ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንለዋወጣለን ተባባልን።

በዚያ ምሽት ሌላ ጥፋት ሠራሁ። ያሳደሩኝ የአየነው እናት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ዶሮውን አቅርበው፣ የሟች ባላቸውን ወፍራም ካፖርት ትከሻዬ ላይ ደርበው፣ ራሳቸው ሳይቀመጡ «ብላ፣ ብላ» ይሉኛል። እኔም በድሬዳዋ ልማዴ፣ «አንቺም ብዪ እንጂ!» አልኳቸው። ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች የያዙትን ጉርሻ ይዘው ቀሩ። እኛ ዘንድ ከንቲባውም፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰውም «አንተ» እንደሚባሉ ማን ይንገርልኝ? አየነው ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት እናቱ ቀደሙት። «ተዉት፤ ልጅ እናቱን አንቺ ቢል ምን አለበት? ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ልጅ አለኝ» አሉና አጠገቤ ቁጭ ብለው መብላት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ እስክለያቸው ድረስ «እርስዎ» ስላቸው «አኮረፍክ እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

ዓርብ

ቦርሳዬ ደረሰ። ያመጣው ረዳት ከቄሱ የተላከ መልእክት ነበረው፤ ሳይስቅ ነው የነገረኝ። «‹ያ ልጅ የንስሐ አባት አለው ወይ? ከሌለው እኔ አለሁ› ብለዋል።»

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ወጣን። ውጊያው በምን እንደሚተኮስ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። ጠመንጃዎቹ ከእንጨት የተጠረቡ ናቸው፤ ድምፁ ግን ከጅራፍ ነው። ስልሳ ገበሬ ተደርድሮ ስልሳ ጅራፍ ሲያጮህ፣ ሜዳው ዳር የቆሙ አህዮች ጭነታቸውን ይዘው ሸሹ። እኔም አብሬ ልሸሽ ምንም አልቀረኝም።

በጨዋታው ውስጥ ልብስ አጣቢዋን የምትሆነው ሐያት የምትባል ልጅ ናት። ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ ስትሆን ብቸና አራት ዓመት ሠርታለች። ታሪኩን የነገረችኝም እሷ ናት። በጣሊያን ጊዜ ምሽጉ ውስጥ ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ነበረች። አርበኞቹ ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጠው መቼ እንግባ እያሉ ሲጠባበቁ፣ ልብስ የምታሰጣ መስላ ወደ ውጭ ወጣችና እንዲህ ብላ ዘፈነች፦

ነገ በዓል ነውና በጠዋት ተነሱ፤
ጌታው ልብሱን ሳይለብስ ቀድማችሁ ተኩሱ።

«ለጣሊያን የልብስ ዘፈን ነው» አለችኝ ሐያት። «በጠዋት ተነስታችሁ፣ ጌታው ሳይለብሰው በካውያ ተኩሱት ነው። ለአርበኞቹ ግን ጌታው ገና አልጋው ላይ ሳለ ጥይት ተኩሱ ነው። ጎጃሞች አንድ ነገር በቀጥታ ተናግረው አያውቁም። እኔ እዚህ መጀመሪያ ስመጣ በሽተኛ ሲመጣ እንኳ ሕመሙን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማሰብ ነበረብኝ።»

የእኔ ድርሻ አጭር ነው። ምሽጉ ሲሰበር ጭንቅላቴን በእጄ ሸፍኜ እየጮህኩ እሮጣለሁ፤ ሴቶች ይይዙኝና በመቀነት ያስሩኛል። ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ። በሦስተኛው አየነው፣ «ሳሚ፣ ትንሽ ፍራ እንጂ፤ አንተ እኮ ታክሲ የምትይዝ ነው የምትመስለው» አለኝ።

ቅዳሜ

አርበኛው፣ ጣሊያኑና ባንዳው በአንድ አይሱዙ ላይ ተጭነን ወደ ሞጣ ጉዞ ጀመርን። ከደብረ ወርቅ ትንሽ እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። በመንገዱ ዳር የሚያርሱ አንድ ገበሬ በሬዎቻቸውን አቁመው መጡ። ጎማ ለመቀየር ጉልበት አዋጡ፤ ከቤታቸው ጠላ አስመጡልን፤ ስንጠጣ ዓላማችንን ጠየቁ። ነገርናቸው።

«ጣሊያኖቹ ስንት ናችሁ?»

«ስድስት» አለ አንዱ መምህር።

«ታንሳላችሁ» አሉ ገበሬው በሐዘን። «አገር ታዋርዳላችሁ። ስድስት ጣሊያን መትቶ ማን ይፎክራል?» ይህን ብለው ጅራፋቸውን ለአንዱ አርበኛ ሰጥተው፣ እርሻቸውን ለልጃቸው ትተው፣ አይሱዙው ላይ ወጡና ሰባተኛው ጣሊያን ሆኑ።

ሞጣ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ነዋሪው እንግዶቹን በየቤቱ ይከፋፈል ጀመር፤ አንዱ «አርበኛ ለእኔ»፣ ሌላው «ሁለት አርበኛ ለእኔ» ይላል። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ማን ይወስደኝ ይሆን ስል፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረቡ ሽማግሌ መጡና አየነውን፣ «ባንዳ የሚሆነው የትኛው ነው?» አሉት። አየነው አሳያቸው። «እሱን እኔ አሳድረዋለሁ» አሉ። ስማቸው ጋሼ ይሁኔ ነው።

ቤታቸው ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው። እግሬን በሙቅ ውኃ ካስታጠቡኝ በኋላ እራት ቀረበ፤ ማር በነጭ ዳቦ፣ ከዚያ በእርጎ የራሰ እንጀራ። ብዙ አይናገሩም። እኔ ዝምታን ስለማልወድ ስለ ድሬዳዋ ሳምቡሳ አወራሁላቸው፤ ስለ አሸዋው ወንዛችን፣ ውኃ ሳይኖረው ዓመቱን ሙሉ «ወንዝ» ስለሚባለው፣ አወራሁላቸው። ሳቁ። ከሳቁ በኋላ እጃቸውን ታጠቡና፣ «እንግዲህ ልንገርህ። ነገ የምትሆነው ሰው አባቴ ነው» አሉኝ።

የያዝኩት እንጀራ ከእጄ ወደቀ።

«አትደንግጥ። ለዚህ ነው የጠራሁህ። አባቴ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነበር። ጣሊያን ሲገባ አስተርጓሚ ሆነ። አላገለገለም አልልህም፤ እንጀራቸውን በልቷል። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ግን ስሙ ቆየኝ። ልጅ ሆኜ ከብት ስንጠብቅም፣ ስዳርም፣ ዕድር ስገባም ‹የባንዳ ልጅ› ነኝ። እሺ፤ ልክ ነው። ሊሞት ሲል ግን አንድ ነገር ነገረኝ። ያች ልብስ አጣቢ ስትዘፍን አለቃው ከመስኮት ሰምቶ፣ ‹ይህች ሴት ምን ትላለች?› ብሎ ጠየቀው። አባቴ ገባው። ቢናገር ሴትዮዋ ትሰቀላለች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ያለው ሁሉ ያልቃል። ‹ጌታዬ፣ ልብስ ተኩሱ ነው የምትለው› አለው። አለቃው ስቆ መስኮቱን ዘጋ።»

ከእጄ የወደቀውን እንጀራ አነሱና፣ «አልዋሸም እኮ» አሉ። «ሰሙን ሰጠው፣ ወርቁን አስቀረው።»

«ይህን ለሰው ነግረዋል?» አልኳቸው። ያን ጊዜ «እርስዎ» ማለት በራሱ መጣልኝ።

«ለማን? ምስክሬ ማን ነው? ባንዳ ለልጁ የነገረው ነው።»

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አየነውን ሜዳው ላይ ለብቻው ይዤ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ የታሪክ መምህር ፊት ሆነ።

«ማስረጃ?»

«ልጃቸው።»

«ሳሚ፣ የባንዳ ልጅ ሁሉ አባቴ ውስጥ ውስጡን አርበኛ ነበር ይላል። ዛሬ ለአንዱ ብጨምር ነገ ስንት ሰው ደጄን ሊያንኳኳ ነው? በጊዜው የሞቱት አርበኞች ልጆችም እዚህ አሉ።»

እውነቱን ነው። ግን እኔ የዚያን ቤት ማር በልቼ ወጥቻለሁ። «እንግዲያውስ አልሮጥም» አልኩት። «ጭንቅላቱን ሸፍኖ የሚሮጥ ሌላ ባንዳ ፈልግ።» ድምፃችን ከፍ አለ። ሐያት መጣች፤ ገበሬው ጣሊያን መጡ፤ በመጨረሻ የበዓሉ ሽማግሌዎች መጡ። ከመካከላቸው አንዱ የቅኔ መምህር የኔታ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። ነገሩ ተነገራቸው። ጋሼ ይሁኔ ከሩቅ፣ ከሰዉ ጀርባ ቆመው ነበር፤ አልቀረቡም።

የኔታ ጠየቁ። «ሴትዮዋ ግጥሙን ማለቷን የሚጠራጠር አለ?»

የለም አሉ ሁሉም፤ ከእናት ከአያት የተሰማ ነው።

«አስተርጓሚው ያን ቀን ምሽጉ ውስጥ እንደነበረስ?»

«ነበረ። በማግሥቱ የተያዘው እዚያው ነው» አለ አየነው።

«ቅኔ ተምሯል?»

«ሦስት ዓመት» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ «ይህንስ አባቶቻችንም ሲያወሩት ሰምተናል።»

«እንግዲህ ፈረንጅ ቋንቋውን የማያውቀው ዘፈን መስኮቱ ሥር ሲዘፈንበት አስተርጓሚውን ሳይጠይቅ አያድርም። ጠይቆ እውነቱን ቢሰማ ኖሮ ሴትዮዋ ያን ምሽት በሞተች፤ እሷ ግን አርጅታ ነው የሞተች።»

አየነው ተስፋ አልቆረጠም። «የኔታ፣ ምናልባት አስተርጓሚው ራሱ ባይገባውስ?»

የኔታ አገጫቸውን ወደ እሱ አዞሩ። «ጎጃሜ ሆኖ?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አየነውም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። «እጨምረዋለሁ። ግን በማይክሮፎን ‹ልጃቸው እንደሚተርኩት› ብዬ ነው የማስነግረው። እኔ ያላየሁትን አየሁ አልልም።» ሰዉን ገፍቶ ጋሼ ይሁኔ ዘንድ ሄደና፣ «ጋሼ፣ ቃሉን ራስዎ ይስጡኝ፤ አባትዎ እንዴት ነበር ያሉት?» አላቸው። ሽማግሌው ቃል በቃል አስጻፉት።

ከሰዓት በኋላ የሞጣ ሕዝብ ሜዳውን ሞላው። እኔ በካኪዬና በቀይ ቆቤ ስወጣ የተቀበለኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። አንዲት እናት «ወግድ!» ብለው የወረወሩት ጓል ጆሮዬ ሥር አለፈ። ሐያት ልብሱን ገመድ ላይ እያሰጣች ዘፈነች፤ የወሎ ጉሮሮዋን ለቀቀችው። ከጭድ የተሠራው ምሽግ መስኮት ላይ አለቃ የሆኑት ገበሬ ብቅ ብለው፣ «ይህች ሴት ምን ትላለች?» አሉ፤ ጣሊያንኛ ለመምሰል በአፍንጫቸው ነው የተናገሩት።

አየነው በማይክሮፎን፣ «የአስተርጓሚው መልስ፣ ልጃቸው እንደሚተርኩት» አለ። ይህን ቃል አልተለማመድኩትም ነበር። ሐያትን አየኋት፣ ቁጥቋጦውን አየሁት።

«ጌታዬ፣ ልብስ ተኩሱ ነው የምትለው።»

ከዚያ ከሴቶቹ መካከል አንዷ ገባትና እልል አለች፤ እልልታው ሜዳውን ዞረው። አለቃው ስቀው መስኮቱን ሲዘጉ ጅራፉ ጮኸ፤ የአርበኞቹ ፈረሶች ከዳገቱ ወረዱ፤ ምሽጉ ከታቀደው ቀድሞ ፈረሰ፤ ሰባቱም ጣሊያኖች ተማረኩ። እኔንም ሴቶቹ በመቀነት አሰሩኝ፤ ግን ያሰሩኝ አላልተው ነበር፤ አንዷም ላቤን ጠረገችልኝ።

ከውጊያው በኋላ ፉከራ ሆነ። እያንዳንዱ ሰው እየዘለለ ይወጣል፣ «የእገሌ ልጅ!» «የእገሌ የልጅ ልጅ!» ይላል፣ ሕዝቡም ይቀበለዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ የአባት ስም ሲጠራ ዋለ። መጨረሻ ላይ ክቡ ሊበተን ሲል ጋሼ ይሁኔ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ መሐል ገቡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። እኔ ገና በመቀነት እንደታሰርኩ ነኝ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዱላቸውን ከፍ አደረጉ።

«የወልዴ ልጅ!» አሉ።

ማንም አልመለሰም። አየነውን አየሁት፤ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። የኔታ ከተቀመጡበት፣ «አልሰማሁም! የማን?» አሉ። ጆሯቸው ቅጠል ሲወድቅ የሚሰማው የኔታ!

«የወልዴ ልጅ! የወልዴ ልጅ! የወልዴ!» እየዘለሉ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው የደረሱት ሰው ከመሬት ይነሳሉ። ሕዝቡ በሦስተኛው «በለው!» ብሎ ተቀበላቸው፤ ጅራፍ ያለው ሁሉ ጅራፉን አጮኸ።

ሰኞ

ጠዋት ጋሼ ይሁኔ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። ዳቦና አንድ ማሰሮ ማር ይዘውልኛል። አውቶቡሱ እስኪሞላ ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ፣ ቤተሰቤን ሰላም እንድልላቸው ሊነግሩኝ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ምንም አይወጣም። የትናንቱ ፉከራ ድምፃቸውን ሙሉ በሙሉ ወስዶታል። በእጃቸው ጉሮሯቸውን ያሳዩኝና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ በዝምታ ይስቃሉ። እኔ ስቄ ስጨርስ ደግሞ እንደገና ይጀምራሉ። አውቶቡሱ ሲነሳ መስኮቱን ከፍቼ፣ «ጋሼ፣ ዝንጅብል ይጠጡ!» ብዬ ጮህኩ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ እንዲህ እንዲቆይላቸው የፈለጉ ይመስሉ ነበር።